ደንቆሮ ጫካ ደርሰን መጣን

ከደሴ መኪና ተከራይተን ደንቆሮ ጫካ ወዳለበት ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ሹፌሩ ሌሊት 11 ሰዓት ብሎን 1 ሰዓት ላይ ከች አለ። "አብሽሩ፣ እንደርሳለን" ይላል። ደረስን፤ ጠዋቱ ግን አመለጠን። በጣም ነው የተናደድኩት።

ንዴቴን ያስረሱኝ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ናቸው። አንዲት እናት አስር እርምጃ ያህል ርቃኝ ቁጭ ብላ ሳር ትነጫለች። ጣቶቿ እንደ ጤፍ አራሚ ይፈጥናሉ። ደረቷ ላይ ቀይ ምልክት፣ ጀርባዋ ላይ ልጇ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሳሯ ተመለሰች። ጭላዳ እኮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም ዱር ውስጥ የለም!

ቀይ ቀበሮ አላየንም። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም። ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) ግን ቀበሮው የሚያድናቸውን አይጦች ጉድጓድ በትዕግሥት አሳየን፤ ምስጋና ይገባዋል። ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።