ክረምቱን ሠርታ በበጋ የለገመች ሶላር

ይህችን ባለ 10 ዋት ሶላር ቆርቆሮዬ ላይ የሰቀልኳት ግንቦት ላይ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ዳር ነው፤ መብራት ሲመጣም ሲሄድም አያማክረንም። ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ከሚያቆየው ዕቃ) የወጣ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነበረኝ። ከሶላሯ ወደ ባትሪው የሚገባውን የምትቆጣጠር አንዲት ርካሽ ኮንትሮለር ጨመርኩበት፣ በቃ። ማታ ማታ አንድ አምፖልና ሁለት ስልክ ትችላለች።

ነገሩ የመጣው በኅዳር ነው።

ክረምቱን ሙሉ፣ የጮቄ ደመና ጣራችን ላይ ተኝቶ እንኳ፣ እንደምንም ስትሞላ ከርማለች። ኅዳር ገባ። ሰማዩ ብራ፣ ጤፍ እየታጨደ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በሐምሌ እስከ ማታ አራት ሰዓት ያበራ የነበረው ባትሪ ግን ሁለት ሰዓት ላይ ጭልም!

ሻጩን በልቤ ስንት ጊዜ ሰደብኩት። ቴስተር ተውሼ ጣራ ላይ ወጣሁ። ቮልቱ 20 ይላል። ደህና ነው! ሻጩ በልቤ ውስጥ ሳቀብኝ። አምፔሩን ስለካው ግን 0.06። በዚያ ፀሐይ ግማሽ አምፔር መስጠት ነበረባት።

ጥላውን ያየሁት ያኔ ነው። የጎረቤቴ ባሕር ዛፎች ጫፍ፣ የፓኔሏን የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ነክቷል። ይቺ ምን ታመጣለች? ታመጣለች እንጂ። ውስጧ 36 ሴሎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ተሰክተዋል። አንዱ ጥላ ሲያርፍበት የሁሉም አምፔር በእሱ ልክ ይወርዳል። ቮልቱ ብዙም ስለማይቀንስ ነው ቴስተሩ መጀመሪያ የሸወደኝ።

ዛፎቹማ ግንቦትም እዚያው ነበሩ። የሄደችው ፀሐይዋ ናት። በክረምት ቀትር ላይ ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ እሷ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ጥላው ወደ እኔ ይመጣል። ሻጩ «ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ ስቀላት» ብሎኝ ነበር። የትኛዋ ፀሐይ ወንድሜ? የሰኔዋ ወይስ የታኅሣሧ?

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ግማሽ አምፔር በባትሪው 13 ቮልት ሲባዛ 6.5 ዋት ነው። የቀረው የት ገባ? ርካሿ ኮንትሮለር የፓኔሏን 18 ቮልት ወደ ባትሪው ልክ ጎትታ ታወርደዋለች፤ ልዩነቱ በከንቱ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ ይህ አልተጻፈም።

እንዲያም ሆኖ ኅዳርን ሙሉ ስቆጭ ከርሜ ዛሬ አልቆጭም። ማድ ቤቱ ጣራ ላይ አዛወርኳት፤ ቴስተሩ 0.5 አለ። ገመዱ ስላጠረ አምፖሉ ሳሎን አይደርስም፤ እራት ማድ ቤት እየበላን ነው።

ጎረቤቴን «እትዬ፣ ጫፍ ጫፉን ልከርክመው?» ብላቸው «ምን አደከመህ ልጄ፣ ለጥር ሰርግ ለዳስ ይቆረጥ የለ» አሉኝ። ያን ሰርግ ከሙሽራው እኩል እየጠበቅሁት ነው።