ልቡን የዘጋው ሰላይ፦ የዳንኤል ክሬግ ጄምስ ቦንድ በአምስት ፊልሞች

ዳንኤል ክሬግ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2021 ለእይታ በበቁ አምስት ፊልሞች የተጫወተው ጄምስ ቦንድ፣ የደረሰበትን ጉዳት ከፊልም ወደ ፊልም ተሸክሞ የሚሻገር ሰው ነው። በ«ካዚኖ ሮያል» የመግደል ፈቃዱን ገና የተቀበለ ችኩልና ትዕቢተኛ ሰላይ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ቬስፐር ሊንድን ወድዶ ሥራውን እስከ መልቀቅ ከደረሰ በኋላ ክህደቷንና ሞቷን ሲያይ ግን ልቡን ይዘጋል። «ስካይፎል» ደግሞ ጥይት የመታውንና የብቃት ፈተና የወደቀውን ቦንድ በማሳየቱ ደፋር ነው፤ አለቃው ኤም በእቅፉ ስትሞት ማልቀሱ የተከታታዩ ምርጥ ትዕይንት ይመስለኛል። «ስፔክተር» ጠላቱን ብሎፌልድን አብሮ አደጉ በማድረጉ ታሪኩን ያለ በቂ ምክንያት አጥብቦታል። በመጨረሻው ፊልም (ያላዩት እዚህ ላይ ንባባቸውን ቢያቆሙ ይሻላል) ማንንም የማያምነው ሰላይ፣ ቢነካቸው የሚገድላቸው መርዝ በደሙ ስለገባ፣ ከፍቅረኛው ከማድሊንና ከልጃቸው ርቆ መሞትን ይመርጣል።