አሞራ ገደል አጠገብ ላለችው ትንሽ የአሳ ቤትና ለባለቤቷ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የሀዋሳ ልጆች፣ ሀዋሳንም የምትወዱ ሁሉ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ አንዲት እናትን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ከአሞራ ገደል ብዙ ሳይርቅ ትንሽ የአሳ ቤት አላቸው። ስማቸውን አልጽፍም። «ምስጋናሽን ተቀብያለሁ፣ ስሜን ግን ተይው» ብለውኛል። ስለዚህ ደንበኛው ሁሉ እንደሚጠራቸው እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሳቸው ይጣፍጣል። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። እኔን ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ሂሳባቸው ነው። የምሳም ይሁን የእርዳታ፣ እትዬ ዘንድ ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚሠራው። ከተማችን ውስጥ ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው በዝቷል፣ ደስም ይላል። የዚያኑ ያህል «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄም በዝቷል። እትዬ ይህን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የመለሱልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ልጅ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። በእሳቸውና በልጆቻቸው ፈቃድ ነው የምጽፈው። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ በማሽን እጥበት ነው ያሉት። የኩላሊት እጥበት በሳምንት እስከ 3 ጊዜ ይደረጋል። አንዱ ዙር ብቻ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። አንዴ ከፍለው የሚገላገሉት ሕክምና አይደለም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ አለ፣ ምርመራው አለ፣ መመላለሻው አለ። የመምህር ጡረታ ይህን አይችልም። ልጆቻቸው ያላቸውን ሸጠዋል።

እድራችን ጠንካራ ነው። ደንቡ ግን የተጻፈው ለሐዘን ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። በሕይወት ላለ ሕመምተኛ ለማውጣት ጠቅላላ ጉባኤው መወሰን አለበት፣ ጉባኤው ደግሞ ገና ነበር። እጥበት ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ የሰፈሩ ወጣቶች ተሰባስበን የምሳ ፕሮግራም እናዘጋጅ አልን። ሰው ትኬት ይገዛል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከወጪ የተረፈው ለመምህራችን ይሆናል። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፣ ከተማው ሀዋሳ ነው። ምን እናብላ ብለን አልተጨነቅንም። አሳ ነው።

ቦታ ማግኘት ግን ከባድ ሆነ። አንድ ቤት የአዳራሹን ኪራይ ሙሉውን በቅድሚያ ካልከፈላችሁ አለን። ሌላው «ለበጎ ሥራማ በነጻ ነው» ብሎ አስፈነደቀን፣ ቀኑ ሲቀርብ ስልክ ማንሳት አቆመ። የማንንም ስም አላነሳም፣ የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ባጃጅ የሚነዳ አንድ የሰፈራችን ልጅ «እትዬን ጠይቀናቸዋል እንዴ?» አለና ይዞን ሄደ።

እትዬ በነጻ አላሉም፣ ቅድሚያ ክፍያም አልጠየቁም። መጀመሪያ ጥያቄ ነው የጠየቁት። ስንት ሰው ነው? ሽማግሌዎች አሉ? አሳ የማይበሉ ጾመኞች ስንት ናቸው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከኛ ለአንዳችንም አልመጣልንም ነበር። በጾም አሳ የሚበላ አለ፣ የማይነካም አለ። እትዬ ለማይበሉት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በሌላ ድስት፣ አሳ ባልነካው ዘይት እንደሚሠሩ ነገሩን። ገበታውም ለብቻው እንደሚሆን ነገሩን። አንድ የጠረጴዛ ጥግ ላይ በአሳ ሽታ ምክንያት አፍንጫቸውን ይዘው የሚበሉ እናቶችን በየድግሱ አይቼ ስለማውቅ፣ ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ።

ከዚያ የልጃቸውን ደብተር አስመጡና ወጪውን ፊታችን ጻፉ። አሳ። ዘይት። እንጀራ። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። ከሰል። ውሃ። የአስተናጋጆች የቀን ገንዘብ። አሳውን የሚያጸዱት ልጆች ክፍያ። መጨረሻ ላይ «የቤቱ ትርፍ» ብለው ጻፉና አጠገቡ ዜሮ አስቀመጡ።

ከመካከላችን አንዱ፣ ቸኩሎ ለመምህራችን ብዙ እንዲተርፍ ፈልጎ ነው፣ «አስተናጋጆቹም ለዛሬ በበጎ ፈቃድ ቢሠሩስ?» አላቸው። እትዬ ብዕሩን አስቀመጡ። «የእኔን ትርፍ ልተውላችሁ እችላለሁ፣ የእኔ ነው። የልጆቹን ግን ልሰጣችሁ አልችልም። የቤት ኪራይ አለባቸው» አሉ። ስለ አሳውም እንደዚያው ነው ያሉት። አጥማጆቹ በቀኑ ዋጋ ይከፈላቸዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ላይ ያደረ ሰው «ለእርዳታ ነው፣ ቀንስ» አይባልም።

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ስንት የበጎ አድራጎት ፕሮግራም ላይ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ሲላላኩ ይውሉና «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተብለው ባዶ ኪሳቸውን ይመለሳሉ! ስጦታው የእነሱ ነበር፣ የሚጨበጨበው ግን ለሌላ ሰው ነው። እትዬ የሰጡት ከራሳቸው ላይ ነው። ያንን ቀን ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው በዚህ ነው። ደግሞ ልጆቹን አይታችኋቸው ቢሆን! በሙሉ ልባቸው ነበር የሚያስተናግዱት። አንደኛው ልጅ የቀን ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ራሱ ወዶ ከላዩ ቆርሶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልጠየቀውም።

ትኬቱን 500 ብር አደረግነው። 230 ብሩ ወጪ፣ 270 ብሩ ለመምህራችን። ይህም የእትዬ ምክር ነው፣ ትኬቱ ላይ ራሱ አጻፉት። «ሰው ምን ያህሉን እንደበላ፣ ምን ያህሉን እንደሰጠ ይወቅ» አሉ። ገንዘቡም በእኛ እጅ አላለፈም። በቴሌብር የሚከፍለው ቀጥታ ለመምህሩ ልጅ ነው የሚልከው፣ የምግቡን ወጪ ቤተሰቡ ከዚያ ላይ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው በተቆለፈ ሳጥን ይከታል። ሳጥኑ የተከፈተው ከሰፈር፣ ከቤተሰቡና ከእድሩ አንድ አንድ ሰው ባለበት ነው።

በዋዜማው ማታ እትዬ ደወሉልኝ። በሁዳዴ አሳ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ያን ሳምንት ደግሞ ካሰቡት በላይ ወጥቷል። «ወጪውን ከፍ ላድርገው ወይስ አሳውን ትንሽ ቀንሼ ሽሮና ምስሩን ላብዛው? እናንተ ወስኑ» አሉኝ። ዝም ብለው አሳውን ቢያሳንሱት ማን ያውቅባቸው ነበር? ተመካከርንና ሽሮው ይብዛ አልን። በማግስቱ አንድም ቅር ያለው ሰው አላየሁም። እንዲያውም ሽሮውን አሳ የሚበሉትም ጨረሱት።

140 ትኬት ተሸጠ። 37,800 ብር ከነዝርዝሩ ለቤተሰቡ ደረሰ፣ ሰው ከትኬቱ ውጪ በሳጥን የጨመረው ለብቻው ተመዘገበ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአሳው፣ የዘይቱ፣ የከሰሉ ወጪ ሁሉ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ያልመጣ ሰው እንኳ በማግስቱ አልፎ አንብቦታል። መምህራችን ራሳቸው በልጃቸው ተደግፈው መጥተው ሲያነቡ ቆይተው እትዬን እጃቸውን ያዙ። ብዙ አልተነጋገሩም። እኔ ግን ለሁለቱም አለቀስኩ።

አሁን ወደ አሳው ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ጥቆማም ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ቤት ደንበኛ ሆኛለሁ። ስትገቡ መጀመሪያ አሳውን ያሳዩአችኋል። ቆሮሶ ከሆነ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ዋጋው ዘይት ላይ ከመግባቱ በፊት ይነገራችኋል። ሐይቅ ዳር ከበሉ በኋላ የሚመጣ ሂሳብ ስንቱን እንግዳ እንደሚያስደነግጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እትዬ ቤት ያ የለም። ለሀዋሳ ልጅም ለአዲስ አበባ እንግዳም ዋጋው አንድ ነው።

ትኩስ አሳ እንዴት እንደሚለይም ያስተምራሉ። ዓይኑ የጠራ ይሁን፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ይመለስ፣ የጉንጩ ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ቀይ ይሁን። ይህን ካወቃችሁ ሌላ ቦታም ስትገዙ ይጠቅማችኋል። ጥሬ አሳ በዳጣ ስጡን የሚሉ እንግዶች ይመጣሉ፣ አሞራ ገደል የተለመደ ነገር ነው። እትዬ ግን አያቀርቡም። ጥሬ አሳ ውስጥ ጥገኛ ትል ሊኖር ስለሚችል በደንብ በስሎ ነው የሚበላው ይላሉ። ዳጣውን ከጥብሱ ጋር ይሰጧችኋል። በእኔ ምላስ ዳጣ የሚያምረውም ከትኩስ ጥብስ ጋር ነው።

ከምንም በላይ ጥብሱን እዘዙ። ሙሉ ቆሮሶ ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ውጪው ሲሰበር ድምፅ እስኪሰጥ ተጠብሶ፣ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ይመጣል። የአምባዛ ጉላሻቸው ደህና ነው፣ ግን ጥብሱን አያህልም። ሾርባውን በጠዋት ብትጠጡት ነው የሚሻለው፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ አልቋል።

ሌላም የምወድላቸው ነገር አለ። ትንንሽ ቆሮሶ አይገዙም። ርካሽ ነው፣ ሻጩም ይለምናል፣ እሳቸው አይገዙም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቹንም አደጋ ሲመጣ መልሳ አፏ ውስጥ ታስገባቸዋለች። ሳትወልድ ከተያዘች የሚቀጥለው ዓመት አሳ ከየት ይመጣል? የአጥማጅ ልጅ ስለሆኑ ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል። የተጠቀሙበትን ዘይትም ወደ ቦይ አይደፉም፣ በጀሪካን ያጠራቅሙታል። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቃችን ይገባል፣ ከሐይቃችን የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የደፋነው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እያንዳንዱ የሐይቅ ዳር ምግብ ቤት እንደ እትዬ ቢያደርግ ምን ነበረበት!

ቤቷ ጠባብ መሆኗን ልንገራችሁ። መቀመጫው አግዳሚ ወንበር ነው፣ መኪና ማቆሚያ የላትም። አሳው የሚጠበሰው ካዘዛችሁ በኋላ ስለሆነ ትጠብቃላችሁ። እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ አልመክርም፣ መቀመጫ አታገኙም። አዘቦት ቀን ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ብትደርሱ ጥሩ ነው። አሳው ካለቀ አልቋል፣ የትናንት አሳ አውጥተው አይጠብሱላችሁም።

ሌሎችንም ሳላመሰግን ባልፍ ደስ አይለኝም። ሽማግሌዎቹን ከየቤታቸው አምጥታችሁ የመለሳችሁ የባጃጅ ልጆች፣ ከልብ እናመሰግናለን። አሳውን ከንጋት ጀምሮ ያጸዳችሁ ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ። ወንበር ያዋሰን እድራችን፣ ደንቡ ገንዘብ ባይፈቅድም ወንበሩን አልከለከለንም፣ እናመሰግናለን። በየቤቱ ትኬት ይዛችሁ የዞራችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ እኔ በእናንተ እኮራለሁ።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ገበያዎ ይድራ።

ለማኅበር፣ ለልደት፣ ለመሥሪያ ቤት ምሳ ወይም እንደኛ ለእርዳታ ፕሮግራም ቦታ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አናግሯቸው። የሰው ቁጥርና የማይበሉትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ። ቦታውን ለማወቅ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። የመምህራችን እጥበት ቀጥሏል። መርዳት የምትፈልጉ ካላችሁም በዚያው ንገሩኝ፣ ከልጃቸው ጋር አገናኛችኋለሁ።