«ዋስሽ እኔ ነኝ» ብሎ ሚሞሪ ካርድ ሸጠልኝ

ዛሬ ከሰዓት ነው የሆነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እቃውን የገዛሁት ግን ቀደም ብዬ ነው፣ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ከአንዱ። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጠባብ ክፍል፣ የመስታወት መደርደሪያ፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ አንድ ልጅ፣ «እህቴ ምን ልታዘዝ?» የሚል ሌላ ልጅ። ከዚያ ያቺ የተለመደች ጥያቄ፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። «ያለ ደረሰኝ» አልኩ። ይህን ስጽፍ በራሴ አፍራለሁ።

የሄድኩት ሃርድ ዲስክ ልገዛ ነበር። ቤት ውስጥ ትንሽ ሰርቨር አለኝ፤ ከቢሮ የወጣች ያገለገለች ሚኒ ኮምፒውተር ናት። የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ እሷ ላይ አስቀምጣለሁ። ለውጭ ክላውድ (የኢንተርኔት ማስቀመጫ) በየወሩ በዶላር መክፈል እዚህ ላለ ሰው ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደግሞም አስቤበት ነው የሄድኩት። ሲስተሙ ውስጧ ባለው ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማስቀመጫ) ላይ ይሰራል፣ እሱ ይበቃል። ፎቶ ግን አንዴ ይጻፋል፣ አልፎ አልፎ ይታያል። የቤቴ ኔትወርክ 1 ጊጋቢት ነው፤ በሰከንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አያሳልፍም። ትልልቅ ቪዲዮ ሲገለበጥ ደህና ሃርድ ዲስክም ያንን ይሞላዋል። የኤስኤስዲ ትርፍ ፍጥነት የኔትወርኩ ገመድ ጋ ሲደርስ ይቀራል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የገባሁት።

ልጁ ግን የመብራት መጥፋትን ነገር አነሳብኝ። «ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ይሞትብሻል። ለሰርቨር ኤስኤስዲ ነው። በሃርድ ዲስክ ዋጋ ልስጥሽ፣ 11,000 ብር።» ኤክስተርናል ነው፣ 2 ቴራባይት ይላል። ላፕቶፑ ላይ ሰካው፤ 1.81 አለ። «2 ቴራ ነው፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ስሌት ስለሚቆጥር ነው 1.81 የሚለው» አለኝ። ይሄ እውነት ነው። እውነት ስለነገረኝ አመንኩት። «ችግር ካለው አምጪው፣ ዋስሽ እኔ ነኝ።» ብሩን በቴሌብር በግል ቁጥሩ ላክሁለት።

ያን ዕለት ማታ 300 ጊጋ ያህል ገለበጥኩ። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ፣ ከዚያ ተንቀራፈፈ፣ ሲገለበጥ አደረ። ጠዋት ፋይሎቹ ሁሉ በየስማቸው ተደርድረዋል። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ከስልኬ አጠፋኋቸው። የልጄን የክርስትና ቪዲዮም።

ትናንት ማታ እናቴ «እስቲ ክርስትናውን ክፈቺልኝ» አለች። አይከፈትም። ቀጥሎ ያለውም። ቀጥሎ ያለውም።

ሽፋኑን በቢላ ፈለቀቅሁት። ውስጡ ትንሽ ቦርድ፣ ቦርዱ ላይ በሙጫ የተጣበቀች ሚሞሪ ካርድ፣ ክብደት እንዲሰጥ የተደረገ ብረት። ካርዷ 64 ጊጋ ትላለች። «2 ቴራ ነኝ» ብላ እንድትዋሽ ተሠርታለች። ከ64 በላይ የተጻፈው ወይ ይጣላል ወይ በነበረው ላይ ይደረባል። ስሙ ይታያል፣ ውስጡ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 «30 ቴራባይት ኤስኤስዲ» ተብሎ የተሸጠ እቃ ሲከፈት ሁለት ሚሞሪ ካርድ መገኘቱን አንብቤ ነበር። አንብቤ እኔው ገዛሁ!

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ከአንድ ወጣት ጋር እያወራ ነው። ያቺኑ ሰማያዊ ካርቶን ይዟል። «ችግር ካለው አምጣው፣ ዋስህ እኔ ነኝ» ሲል ደረስኩ። ቃል በቃል፣ ያው ድምፅ፣ ያው ፈገግታ። የተከፈተውን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ካርዷ ወደ ላይ ነበረች። ወጣቱ አየ። ልጁም አየ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። «ማን ክፈቺው አለሽ?» አለኝ። «በዚህ ውስጥ የልጄ ክርስትና ነበር» አልኩት። «ከፍተሽ ቀይረሽው ነው የመጣሽው። እኛ እንዲህ ያለ እቃ የለንም።» ካርቶኑ እጁ ላይ ነው!

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006፣ እከሳለሁ አልኩት። «ደረሰኝሽን አሳዪኛ» አለ። ዝም አልኩ። ያኔ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ልጅ ቀና ሳይል ሳቀ። «ቤቷ ሰርቨር አላት እኮ! ባልሽን ላኪው፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።» አሥር ዓመት ኮምፒውተር ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ያ ሳቅ ከ11,000 ብሩ በላይ ነው ያቃጠለኝ።

ወጣቱ ካርቶኑን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ። ልጁም «ገበያዬን በተንሽው፣ ውጪልኝ» አለኝ።

በቃ፣ ለመግዛት ላሰባችሁ። ለፎቶና ለቪዲዮ ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ ለመብራቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ያዙለት። ኤስኤስዲ መግዛት ከፈለጋችሁም በሃርድ ዲስክ ዋጋ ሲሰጧችሁ ውጡ። ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ቁጥር ምንም አያረጋግጥም። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw)፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 (F3) የሚባሉ መፈተሻ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጫፍ ጽፈው መልሰው ያነባሉ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ያ ሳያልቅ ከስልካችሁ ምንም አታጥፉ። ቫቱን ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ።

ከክርስትናው እህቴ ያኔ በቴሌግራም የላከችልኝ 40 ሰከንድ ተገኝቷል። ካህኑ ሳይታዩ ይቆረጣል።

ካርቶኑ ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩ ብርማ፣ የድርጅት ስም የለውም። ስወጣ መደርደሪያው ላይ ስድስት ቆጥሬያለሁ።