ቢሲዲዬ ከወራት በኋላ፦ ማስተንፈሻው የት ነው ያለው?

ይህን የጠላቂ ጃኬት የገዛሁት ካለፈው ፋሲካ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ኤይላት፣ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው የእስራኤል ከተማ፣ በወረድኩ ቁጥር እከራይ ነበር። በሙቀቱም በብርዱም ወራት ለብሼው ቀይ ባሕር ስለገባሁ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ስለ ኪሱና ስለ ቀለሙ ግን አይደለም። ያስደሰተኝም ያናደደኝም ሌላ ነገር ነው፤ አየር ማስተንፈሻ ቫልቮቹ የተቀመጡበት ቦታ።

ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ቢሲዲ ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር ያለበትን ሲሊንደር አዝሎ የሚለብሰው፣ ውስጡ አየር የሚሞላ ጃኬት ነው። አየር ስትጨምርበት ወደ ላይ ያነሳሃል። ስታስተነፍሰው ትወርዳለህ። ሳይወጡ ሳይወርዱ መሃል ላይ መቆየት ነው ሙያው።

የኔው ሦስት መውጫ አለው። አንደኛው ግራ ትከሻ ላይ ነው፤ አየር መጨመሪያው ቱቦ የሚነሳው ከዚያ ነው። ቱቦውን ከፍ አድርጎ ቁልፉን መጫን ወይም ቱቦውን ወደ ታች ሳብ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው ቀኝ ትከሻ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያላት ገመድ ደረት ላይ ትንጠለጠላለች። ሦስተኛው ከኋላ ነው፤ ታች፣ በስተቀኝ፣ ኩላሊት አካባቢ። ይህ አቀማመጥ የተለመደ ነው። የተከራየኋቸው ጃኬቶች አብዛኞቹም እንደዚሁ ነበሩ።

አየር ውሃ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጃኬቱ ውስጥ ያለውም ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይሰበሰባል። የምትስበው ቫልቭ ከአየሩ በታች ከሆነ ምንም አይወጣም። ጭራሽ ውሃ ይገባልሃል። ስለዚህ "የትኛው ቫልቭ ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሰውነትህ እንዴት ሆኖ ነው? ቆመሃል ወይስ ተጋድመሃል?

ኮርስ ላይ ቀጥ ብለን ነው መውጣት የተማርነው። ለዚያ የግራ ትከሻው ይበቃል። ስትዋኝ ግን ተጋድመህ ነው። ለምሳሌ ኤይላት ውስጥ ሳቲል የሚባል የባሕር ኃይል ሚሳይል ጀልባ አለ፤ በፈረንጆች 1994 ለጠላቂዎች ሲባል ሆን ተብሎ የሰጠመ ነው። ታችኛው ክፍሉ ከ20 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ከአሸዋው ተነስተህ ጎኑን ተከትለህ ወደ ላይኛው ወለል ስትወጣ ጃኬትህ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል። በትከሻው ለማስተንፈስ መቆም አለብህ። ስትቆም ፊንህ (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ) ወደ ታች ይዞራል፤ አሸዋውን ያቦናል፣ ከኋላህ የሚመጣውንም ሰው ፊቱን ሊለው ይችላል። በኋለኛው ቫልቭ ግን ዳሌህን ትንሽ ከፍ፣ ቀኝ ጎንህን ትንሽ ቀና፣ ገመዷን ሳብ። አለቀ። ይህን ከለመድኩ ወዲህ ከሦስቱ አብዝቼ የምጠቀመው እሱን ነው።

ነገሩ የሚከብደው ወደ ላይ ስትቃረብ ነው። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 ባር ነው፣ 10 ሜትር ላይ 2፣ ውሃው ፊት ላይ 1። 20 ሜትር ላይ 3 ሊትር የነበረ አየር 10 ሜትር ስትደርስ 4 ሊትር ተኩል ይሆናል። ካላስተነፈስከው ውሃው ፊት ላይ 9 ይደርሳል። በዚያ ላይ ሲሊንደሩም ቀሏል። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ብቻ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። 150 ባር ተንፍሰህ ስትጨርስ 2 ኪሎ ያህል ጎድሎብሃል ማለት ነው። ከመውጣትህ በፊት ለጥንቃቄ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ስትቆም ሁሉም ነገር ወደ ላይ ይገፋሃል። እጅህ ገመዷን ሳትፈልግ ማግኘት ያለባት እዚህ ጋ ነው።

ቅሬታዬም የሚመጣው እዚሁ ነው። የኋለኛው ቫልቭ ገመድ የምትወጣው ከቀኙ የእርሳስ ኪስ (እንዳንንሳፈፍ የምንይዘው የብረት ክብደት የሚገባበት) ጀርባ ነው። በሙቀቱ ወራት ይህን ልብ አላልኩትም። ውሃው 27 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ስስ ልብስ ይበቃል፣ እርሳሱም ትንሽ ነው። በብርዱ ወራት ውሃው ወደ 21 ይወርዳል። ባለ 5 ሚሊ ሜትር ልብስ ይለበሳል። ወፍራም ልብስ የበለጠ ስለሚያንሳፍፍ እርሳስ ይጨመራል። ቀይ ባሕር ደግሞ ከብዙ ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ በራሱም ያንሳፍፋል። ኪሱ ሲጠግብ ያብጣል፤ ገመዷ ተደበቀች! ሱቅ ውስጥ ባዶ ኪስ ይዘህ ስትለካው ይህ አይታይም።

መፍትሔ ያደረግኩት ከእርሳሱ ጥቂቱን ወደ ኋላ፣ ሲሊንደሩ አጠገብ ወዳሉት ትንንሽ ኪሶች ማዛወር ነው። ኪሱ ቀጠነ፣ ገመዷም ወጣች። እግሬ ይወርድ የነበረውም ተስተካከለ። ሁሉንም ግን አላዛወርኩም። የኋላ ኪሶች በችግር ጊዜ ቶሎ አይጣሉም፤ የፊተኞቹ ግን ተስበው ይወጣሉ። ገመዷን ማስረዘምም ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልወደድኩትም፤ ረጅም ገመድ የሆነ ነገር ላይ ከተያዘ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሌላው በስተቀኝ መሆኑ ነው። አየር የምጨምረው በግራ እጄ ነው፣ ከኋላ የማስተነፍሰው በቀኝ። ቀኝ እጄ ባትሪ ወይም ካሜራ ከያዘ መቀያየር ሊኖርብኝ ነው። ጓደኛዬ የሚለብሰው ዊንግ የሚባለው፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ጀርባ ላይ የሚሆን ዓይነት ነው። የሱ የኋላ ቫልቭ ታች በስተግራ ነው፤ በአንድ ግራ እጅ ሁሉንም ይጨርሳል። እውነቱን ለመናገር እሱ ይሻላል።

የቀኝ ትከሻውን ብዙም አልነካውም። ግራ እጄ ሥራ ከያዘና ቆሜ ከሆነ ብቻ ነው የሚጠቅመኝ። ኳሷ ከመለዋወጫ ሬጉሌተሩ (አፍ ላይ የሚደረገው መተንፈሻ) ቱቦ ጋር መጠላለፍ ትወዳለች። የግራውን ቱቦ በኃይል እየጎተቱ ማስተንፈስንም አልወድም። ቱቦው ትከሻው ላይ ከተገጠመበት ቢላቀቅ፣ ቆመህ ከሆነ ያለህ አየር በሙሉ በዚያው ይሄዳል። ከፍ አድርጎ ቁልፉን መጫን ይበቃል።

እንክብካቤው ላይ የኋለኛው ቫልቭ ትንሽ አመለኛ ነው። ከባሕር ዳር በእግር ስለምንገባ ጥልቀት የሌለው ቦታ ቁጭ ብለን ፊን እናደርጋለን፤ አሸዋው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አንድ ፍሬ አሸዋ ከጎማው ሥር ከገባች ቀጭን የአረፋ መስመር ትለቃለች። አንተ አታየውም፤ ከኋላህ ያለው ጓደኛህ ነው የሚያየው። የኔው ሲያደርገው በእጄ ፈትቼ ጎማውንና መቀመጫውን በንጹሕ ውሃ አጠብኩት፣ ተስተካከለ። ሞላዋ ትንሽ ስለሆነች እንዳትጠፋ ፎጣ ዘርግቶ መፍታት ነው። ታች በመሆኑ ደግሞ ጥቅም አለው። ጃኬቱን ውስጡን በንጹሕ ውሃ ካጠብክ በኋላ ሰቅለህ ገመዷን ስትስብ ጨዋማው ውሃ ሙልጭ ብሎ ይወርዳል።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? ይህንኑ አቀማመጥ፣ አይመስለኝም። የኋላው በስተግራ የሆነ ካገኘሁ ያንን ነው የማስቀድመው። ይህንኑ ዓይነት ለመግዛት ያሰበ ግን ሱቁ ውስጥ ኪሱን በእርሳስ ሞልቶ ይልበሰው። ከዚያ በሆዱ ይተኛና ዓይኑን ጨፍኖ የኋላዋን ገመድ ይፈልጋት። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። የሚከራይም ቢሆን ውሃ ከመግባቱ በፊት ሦስቱንም አንድ በአንድ ይሳባቸው፤ የኪራይ ጃኬት ላይ የኋላዋ ኳስ ተበጥሳ የቀረች መሆኗን መሬት ላይ ማወቅ ይሻላል።