የኡድ ሪሻ ለቸገራችሁ፦ ጎንደር ላይ ሰው አለ

ኡድ የሚባለውን የዐረቦች የአውታር መሣሪያ ለምትጫወቱ ሁሉ የምሥራች አለኝ። የቀንድ ሪሻ፣ ማለትም የአውታር መምቻ፣ በእጃችሁ ልክ የሚሠሩ አባት ጎንደር ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አሉ። ዋናው ሥራቸው የቀንድ መጠጫ ዋንጫ ነው። ለእኔና ለጓደኞቼ ግን የኡድ መምቻ እየሠሩ ከብዙ ችግር አውጥተውናል። ጋሼ ነው የምንላቸው። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው ፈለግሁ።

ብዙዎቻችን ከፕላስቲክ ቆርጠን ነበር የምንጫወተው። ፕላስቲክ ያጫውታል፣ አልክድም። ግን አውታሩን በነካ ቁጥር ቅጭ የሚል ድምፅ ይጨምርበታል። ቀንድ ሞላ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል። በብዛት የሚታየው ኡድ 11 አውታር አለው፤ አምስት ጥንድና አንድ ወፍራም ነጠላ። ሪሻው ጥንዱን በአንድ ምት እኩል ካላገኘው ዜማው ይንሻፈፋል። ስለዚህ የጫፉ ቅርጽ ትልቅ ነገር ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ቀንድ አላነሱም። «እስቲ ተጫወት፣ እጅህን ልየው» አሉኝ። የኡድ ሪሻ እንደ ጊታር ፒክ አጭር አይደለም። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ዘንግ ነው። በመዳፍ ውስጥ ተኝቶ ጫፉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይወጣል። መዳፌን ለኩ፣ አንጓዬ እንዴት እንደሚታጠፍ አዩ፣ ከዚያ ነው ወደ ቀንዱ የሄዱት።

ሥራቸውን ቁጭ ብሎ ማየት ደስ ይላል። የበሬውን ቀንድ ከውስጡ አጥንት ለይተው የፈላ ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። ቀንድ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይለዝባል። ሲለዝብ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል ይጫኑትና ቀጥ ብሎ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በመጋዝ ይሰነጥቁታል፤ ሁልጊዜ ጭረቱን ተከትለው፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ። አግድም የተቆረጠ ቁራጭ አንስተው ትንሽ ጎበጥ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። በብርጭቆ ስባሪ ይፍቁታል፤ መካከሉ ወፈር፣ ጫፉ ሳሳ እንዲል። ወደ ብርሃን እያነሱ የሳሳውን ቦታ ያያሉ። ቀጥሎ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም ደቃቁ። በየመሐሉ «ምታው» ይላሉ፤ ጆሮ ሰጥተው ይሰሙና መልሰው ይፍቃሉ። ሾል ያለ ጫፍ ድምፁን ጥርት ያደርገዋል፤ ክብ ያለው ያሞቀዋል። እኔ ክቡን መረጥኩ። ትዝታ ስጫወት እሱ ነው የሚስማማኝ።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ ኮርዶባ የነበረው ሙዚቀኛ ዚርያብ የኡድን የእንጨት መምቻ በንስር ላባ ተካው ይባላል። ይህን ስነግራቸው «ላባውም ያው የቀንዱ ዘመድ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ላባም ኬራቲን ነው።

አያያዙንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀንድ በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በክረምት እርጥበት ይስብና ይጣመማል። ጎንደር ደግሞ ሁለቱም አለ። አልፎ አልፎ በጨርቅ ጥቂት የወይራ ዘይት ቀቡት። ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አትተዉት። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ አውታር መሐል አትሰኩት፤ ይጎብጣል። መጽሐፍ ውስጥ አስተኙት። ከጎበጠም አትጣሉት፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። ብል ቀንድም እንደሚበላ አትርሱ፤ ለወራት የማትነኩት ከሆነ በደንብ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።

በጣም የማከብርላቸው አንድ ነገር አለ። ጫፉ አልቆ ስወስድላቸው «አዲስ ግዛ» ብለው አያውቁም። ያንኑ ፍቀው ያስተካክሉታል፤ ያኛው ጫፍ የተሻለ ከሆነም ገልብጠው እሱን ያዘጋጁታል። ለዚህ ገንዘብ መቀበል አይፈልጉም። እባካችሁ እናንተ ስጧቸው፤ ጊዜያቸውም እጃቸውም የሚከፈልበት ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የክራር መግረፊያም ይሠራሉ። ገበያው በሚደምቅበት ቅዳሜ ዋንጫ ፈላጊ ስለሚበዛባቸው በሌላ ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ቀንድ የሚሠሩትን አባት ብላችሁ ጠይቁ። ኡዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትጫወቱ ሳያዩ አይቆርጡላችሁም።