ባይሬዳን በገዛ አገሩ ማየት፦ በኦሎት የሚገኘው የጋሮቻ ሙዚየም

በስፔን የምትገኘውን የካታሎኒያን የመልክዓ ምድር ሥዕል ለማወቅ የሚፈልግ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም ባርሴሎና ላይ ነው። ትልልቆቹ ሸራዎች እዚያ ስለሚገኙ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ሠዓሊው ዦአኪም ባይሬዳ በቅጡ የሚገባው በኦሎት ከተማ፣ በጋሮቻ ሙዚየም ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንን ግምገማ የምጽፈውም ጥቂት አንባቢዎች እንኳ መንገዳቸውን ወደዚያ እንዲያቀኑ በማሰብ ነው።

ሙዚየሙ የሚገኘው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ለድሆች መጠለያነት በተሠራውና እስከ ዛሬ ኦስፒሲ እየተባለ በሚጠራው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕንፃው የተሠራበት ዘመን ከስብስቡ ጋር ይያያዛል። በዚያው ዘመን፣ በ1783 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በኦሎት የሕዝብ የሥዕል ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዓላማውም ሠዓሊ ማፍራት ብቻ ሳይሆን፣ ያን ጊዜ በከተማዋ ተስፋፍቶ ለነበረው የጥጥ ጨርቅ ኅትመት ሥራ ንድፍ አውጪዎችን ማሠልጠን ነበር። አንዲት የተራራ ከተማ ከመጠኗ በላይ ሠዓሊና ቀራጺ ያወጣችበት ምክንያት ከዚህ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ይህንን ሳያውቁ ክፍሎቹን የሚያልፉ ሰዎች የሥዕሎቹን ብዛት እንደ አጋጣሚ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ባይሬዳ በ1843 በጂሮና ተወለደ፤ ቤተሰቡ ግን በኦሎት አካባቢ መሬት የነበረው ባለርስት ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት በኦሎት ካገኘ በኋላ ባርሴሎና ሄዶ ከራሞን ማርቲ አልሲና ተማረ። ማርቲ አልሲና የካታሎኒያን ሥዕል ከስቱዲዮ ምናብ አውጥቶ ዓይን ወደሚያየው ነገር የመለሰ መምህር ነው። ባይሬዳ በ1871 ወደ ፓሪስ ተጉዞ የባርቢዞን ሠዓሊዎችን ሥራዎች ሲያይ፣ በፎንቴንብሎ ደን ዙሪያ የሠሩት እነዚያ ሰዎች እርሱ አስቀድሞ ይፈልገው የነበረውን ነገር አረጋገጡለት፤ ማለትም አንድ ሰው የሚኖርበትን መሬት፣ ያለ ተረትና ያለ ታላላቅ ፍርስራሾች፣ ለብቻው የሥዕል ጉዳይ ማድረግ እንደሚችል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የስፔንን ዙፋን ለሌላ የንጉሣውያን ዘር የሚጠይቁት ካርሊስቶች ያስነሡት ሦስተኛው ጦርነት (ከ1872 እስከ 1876) አካባቢውን ሲያናውጥ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተሰደደ። ታናሽ ወንድሙ ማሪያን፣ እርሱም ሠዓሊና በኋላም ደራሲ የሆነው፣ በካርሊስቶቹ ወገን ተሰልፎ ተዋግቷል። በዦአኪም ሸራዎች ላይ ግን የጦርነቱ ምልክት ጎልቶ አይታይም፤ የሚታየው የታረሰ መሬት ነው።

ወደ ሥዕሎቹ ስንመጣ፣ ጎብኚው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ባይሬዳ የሜዲትራኒያን ፀሐይ ሠዓሊ አይደለም። ኦሎት ከባሕር ወለል በላይ 440 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ተራሮች ደመና የሚይዙላት እርጥብ ቦታ ስትሆን፣ ካታሎኒያውያን «ኦሎት ላይ ካልዘነበ የትም አይዘንብም» ይላሉ። ብርሃኑ የተጣራና የለሰለሰ ነው፤ ጥላው አይቆርጥም፤ አረንጓዴው ሁሉ ጥቂት ግራጫ ይቀላቀልበታል። ባይሬዳ የያዘው ይህንኑ ነው። ዝቅ ያለ አድማስ፣ ሰፊ ሰማይ፣ ቀጫጭን ዛፎች፣ የቆመ ውኃ፣ ከሩቅ የምትታይ አንዲት እረኛ ወይም ጥቂት ከብቶች በሥራዎቹ ላይ ይደጋገማሉ። ሰዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን ለማስዋቢያ የተጨመሩ አይመስሉም፤ መሬቱ የእነርሱ የሥራ ቦታ መሆኑ ይታወቃል። በቅርብ ቆሞ ለተመለከተ ሰው የቀለሙ አጣጣል ከሚጠበቀው በላይ ነፃ ነው፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሳይቆጠሩ በሰፋፊ የብሩሽ ምቶች ተነክተዋል፣ ሰማዩ ደግሞ በቀጭኑ ተስቧል። ከጥቂት እርምጃ ርቀት ሲታይ ግን ሁሉም ተሰብስቦ አንድ የአየር ጠባይ ይሆናል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ችሎታውን ነው፤ ዕቃን ከመሣል አየርን መሣል እጅግ ይከብዳልና።

ሙዚየሙ ባይሬዳን ለብቻው አያቆመውም፤ ይህም ከጥንካሬዎቹ አንዱ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤቱን የመራው ዦሴፕ ቤርጋ ኢ ቦሽ፣ የባይሬዳ ደቀ መዝሙር ኤንሪክ ጋልዌይና ሌሎችም የኦሎት ትምህርት ቤት ተብሎ የሚታወቀውን የሠዓሊዎች ቡድን ይወክላሉ። በኦሎት የተወለዱት ቀራጺዎች ሚኬል ብላይና ዦሴፕ ክላራም በስብስቡ ውስጥ ተገቢ ቦታቸውን ይዘዋል። ስለ ባይሬዳ ተከታዮች ግን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ከመምህራቸው የወሰዱት ግራጫውን እንጂ ትዕግሥቱን አይደለም፤ ተመሳሳይ ሜዳና ተመሳሳይ ጅረት ደጋግሞ ሲመጣ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ከባይሬዳ መጀመር፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ማለፍ፣ በመጨረሻም ወደ እርሱ መመለስ የተሻለ ነው እላለሁ።

ብዙ ጎብኚዎችን ወደዚህ የሚስበው ግን የራሞን ካዛስ «ላ ካሬጋ» የተባለው ሥዕል ነው። በ1899 የተሠራው ይህ ግዙፍ ሸራ ሲቪል ዘብ የተባለው የስፔን ፖሊስ በፈረስ ሆኖ የባርሴሎናን ሕዝብ ሲበትን ያሳያል፤ የመሐሉ ባዶ ቦታ ከፈረሱም ከወደቀውም ሰው በላይ ያስደነግጣል። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከፊቱ ቆመው ፎቶ ካነሡ በኋላ ባይሬዳን በችኮላ አልፈው የሚወጡ ሰዎች ይህንን ሙዚየም አዩት ለማለት ይከብዳል።

የባይሬዳ ሕይወት ሙሉ የሚሆነው ወደ ሁለተኛው ቤት፣ ወደ ቅዱሳን ሙዚየም፣ ሲሻገሩ ነው። በ1880 ባይሬዳ፣ ወንድሙ ማሪያንና ቤርጋ «ኤል አርቴ ክሪስቲያኖ» የተባለውን የቅዱሳን ምስል መሥሪያ አቋቋሙ። ምስሎቹ በቅርጽ ማውጫ ተሠርተው በእጅ ቀለም የሚቀቡ ሲሆን፣ ሥራው እየሰፋ ሌሎች መሥሪያዎችም ተከትለው ኦሎት ለብዙ አገሮች አብያተ ክርስቲያናት ምስል የምታቀርብ ከተማ ሆነች። የተማሩ ወጣቶች ከከተማዋ ሳይለቁ በእጃቸው ሙያ የሚኖሩበት መንገድም ተከፈተ፤ ብላይ ራሱ በወጣትነቱ እዚያ ሠርቷል። ባለርስቱ ባይሬዳ ለራሱ እንጀራ ሲል ሥዕል መሸጥ ግድ አልሆነበትም፤ ለሌሎቹ ግን ገቢ እንደሚያስፈልጋቸው ተረድቶ ነበር። የሜዳና የደመና ሠዓሊ ይህን ያህል ተግባራዊ ሰው መሆኑን ማወቅ ለሥዕሎቹ ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል። የቅዱሳን ሙዚየም የሚገኘው በመሥሪያው ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ የአሠራሩ ደረጃዎች በቅርብ ይታያሉ።

ጉድለት ካለ ከስብስቡ ወሰን የሚመጣ ነው። በ1877 ገደማ የተሠራውና ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የሆነው «በጋ» የሚገኘው በባርሴሎና በካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ ስለዚህ የሠዓሊውን ሙሉ ምስል ለማግኘት ሁለቱንም ከተሞች ማየት ያስፈልጋል። ደማቅ ቀለም ወይም ድራማ የሚፈልግ ሰውም እዚህ እርካታ ላያገኝ ይችላል።

የጂሮናና የኦሎት ባቡር በ1969 ስለተዘጋ ዛሬ ወደ ከተማዋ የሚገባው በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው፤ የቀድሞው ሐዲድ መሥመር አሁን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ለሙዚየሙ ከረፋዱ ያለውን ጊዜ ሰጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ በከተማዋ መካከል ወደሚገኘው የሞንሳኮፓ እሳተ ገሞራ አፍ በእግር መውጣት ተገቢ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ባይሬዳ የሣለውን ሸለቆ አንድ ላይ መመልከት ይቻላል። ጊዜ ያለው ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ በእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ላይ የበቀለውን የዦርዳ ደን ይጨምር። ቀኑ ደመናማ ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ አያስፈልግም፤ ሥዕሎቹን ከመሬቱ ጋር ለማነጻጸር ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።